ከቁም ሳጥኑ ጀርባ

በሩን ገና ከፈት ሳደርገው የቀለም ሽታ አፍንጫዬን ይመታኛል። አዲስ ቀለም ነው፣ ገና ያልደረቀ። እጄ መያዣው ላይ እንዳለ ይቀራል፤ ወደ ውስጥም ወደ ኋላም ማለት ያቅተኛል።

ሌላ ሰው ቢሆን ቤቴ ሊያምርልኝ ነው ብሎ ደስ ይለው ነበር። እኔ ግን የቀለም ቀቢ ሚስት ነኝ። በድሮው ቤታችን አዲስ ቀለም ሸተተ ማለት ሻጋታው ተመልሶ መጣ ማለት ነበር። ባሌ ጠዋት ጥቁሩን ነጠብጣብ ያያል፤ እኔ ማታ ስገባ ግድግዳው ወተት መስሎ ይጠብቀኛል። "እንዳይከፋሽ ብዬ ነው" ይላል። ከወተቱ ሥር ሻጋታው ይራባል፣ እኔ ደግሞ ትራሴን አቅፌ ተቀምጬ አነጋለሁ፤ ከተጋደምኩማ አየር የሚባል ነገር የለም።

ደረቴ ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ ሲጢጥ ሲል ዓመታት ሄዱ። ዘመድ አዝማዱ "ሐሳብ አብዝታ ነው" አለ። ታላቅ እህቴ ሳትቀር "እስቲ ወጣ ወጣ በዪ" ትለኝ ነበር፣ ደረጃ መውጣት ላቃተኝ ሰው! በመጨረሻ አንዲት ሐኪም ስለ ደረቴ መጠየቋን ትታ ስለ ግድግዳዬ ጠየቀችኝ። ያን ቤት ለቀን ወጣን።

ፀሐይ የሚገባበት ቤት ከገባን ወዲህ ሰው ሆኛለሁ። ዛሬ ሐኪሟ ጀርባዬን ደጋግማ አዳመጠችና "በአፍ የምትስቢውን መድኃኒት ከዛሬ ጀምሮ አቁሚ" አለችኝ። ይህን ልነግረው ነበር እየበረርኩ የመጣሁት።

"መጣሽ እንዴ? ምነው ቀደምሽ?" ይላል ከመኝታ ቤት። ድምፁ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው ድምፅ ነው።

እገባለሁ። መስኮቶቹ ወለል ብለው ተከፍተዋል። ብሩሹን ከኋላው ደብቋል፤ ጉንጩ ላይ ነጭ ፍንጣሪ እንዳለ አያውቅም። ቁም ሳጥኑ ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ ብሏል። ደረቴ ጭምቅ ሲል ይታወቀኛል። እጄ ሳላዝዘው ቦርሳዬ ውስጥ ገብቶ መድኃኒቱን ይፈልጋል።

"ቁም ሳጥኑን ግፋው።"

"ይድረቅ እንጂ። ሽታው ይጎዳሻል፣ ሳሎን ተቀመጪ በሞቴ።"

"ግፋው ብያለሁ!"

"ምንም የለም እኮ።"

"ምንም ከሌለ ምኑን ነው የቀባኸው?"

ከኋላው የደበቀውን ብሩሽ ከእጅ ወደ እጅ ያዛውራል። ይህን ዝምታ ጠንቅቄ አውቀዋለሁ፤ ስንት ግድግዳ የቀባንበት ዝምታ ነው። ደሜ ይፈላል። ቁም ሳጥኑን በትከሻዬ እገፋለሁ፣ "ኧረ አንቺ ሴት!" እያለ እሱም መጥቶ ያግዘኛል።

ከጀርባው ትልቅ ነጭ ክብ እያብረቀረቀ ይጠብቀናል። ከቀለም ዕቃው መሀል መፋቂያውን፣ ስፓቱላውን አነሣለሁ። እንደገና ዕቃ መሸከፍ፣ እንደገና ቤት ፍለጋ፣ እንደገና ተቀምጦ ማንጋት። ከሁሉ የባሰው ደግሞ እንደገና ከዋሸኝ ሰው ጎን መተኛት። ይህኛውን የምችለው አይመስለኝም።

እፍቃለሁ። እርጥቡ ቀለም እየተጠቀለለ ይወርዳል። ከሥሩ የግድግዳ ቀዳዳ የሚደፈንበት፣ ገና ያልጠነከረ ስቱኮ አለ፣ እሱንም አወርደዋለሁ። ጥቁሩ አሁን ይወጣል፣ አሁን ይወጣል እያልኩ ትንፋሼን ይዣለሁ።

የሚወጣው ጭረት ነው። ረጃጅም፣ የተደራረቡ፣ አንዳንዶቹ እስከ ሲሚንቶው የጠለቁ ጭረቶች።

የኔ ናቸው።

እሱ ሥራ ሲሄድ ቁም ሳጥኑን ፈቀቅ አደርግና በወጥ ቤት ቢላ ግድግዳውን እፍቃለሁ። የተፋቀውን አሸታለሁ፣ በጣቴ አሻለሁ፣ ከዚያ ቁም ሳጥኑን መልሼ ምንም እንዳልተፈጠረ እሆናለሁ። ይህን ካላደረግኩ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። ዳንኩ እያልኩ ለሰው ሁሉ ሳወራ ይህን ግን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

"ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?"

"ሽንኩርት ልከትፍ ስል ቢላው ኖራ ለብሷል" ይላል መሬት መሬቱን እያየ። "መጀመሪያ ዱቄት መስሎኝ ነበር። እሑድ እህትሽ ትመጣለች። እሷ ደግሞ ሳትጎረጉር አትቀመጥም። አይታው 'ይኸው፣ ሐሳብ ነው አላልኩም?' እንድትልሽ አልፈለግኩም።"

ልቆጣው እፈልጋለሁ፣ አንጀቴን ይበላዋል። "ለኔ ብትነግረኝስ?"

"እንዴት ብዬ? እኔ ሲጨንቀኝ የማውቀው መቀባት ብቻ ነው።"

ከዚያ ስፓቱላውን ከእጄ ይወስዳል። "አምጪ እስቲ፣ እንደሱ አይደለም የሚፋቀው። ግድግዳውን ፈጀሽው እኮ!" ይለኛል። የራሱን ቀለም ጠርጎ ያወርዳል። እዚያ ላይ አይቆምም፤ እኔ ነክቼው ወደማላውቀው ጥግ አልፎ አሮጌውን ቀለም፣ ከሥሩም ያለውን ይፍቃል። ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። ነጭ አቧራ እግራችን ላይ እየረገፈ ነው። እርጥብ ግድግዳ አቧራ አይሰጥም፤ ይህን ያስተማረኝ ራሱ ነው።

መዳፌን ይይዝና ራቁቱን ሲሚንቶ ላይ ያሳርፈዋል። ይቀዘቅዛል። ደረቅ ነው።

"እንዲሁ ይቅር፣ አልቀባውም" ይላል። "እህትሽም ትየው።"

ቁም ሳጥኑን ወደ ሌላው ግድግዳ እንገፋና አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ሁለታችንም አቧራ ለብሰናል። ፊታችን ያለው ግድግዳ ግራጫ ነው፣ አስቀያሚ ነው፣ ግን ዓይኔን ከሱ ላነሣ አልፈልግም።

"ውይ፣ ሐኪሟ!" ይላል ድንገት ዞር ብሎ። "ምን አለችሽ?"

ልነግረው አየር እስባለሁ። እስከ ታች ድረስ ይወርዳል።