የቁም ሳጥን ድምፃዊ

ቁም ሳጥን የባንድ ስም ከመሆኑ በፊት የአንድ ሰው መጠሪያ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ እውነተኛ ቁም ሳጥን ነበር።

ጭምት የሚሉት ጊታር ተጫዋች እህቱ ዘንድ ይኖር በነበረበት ጊዜ ዘፈኖቹን የሚቀዳው እዚያ ውስጥ ተቀምጦ ነው። የተሰቀሉት ልብሶች የገደል ማሚቶውን ይውጡለታል። በሩን ይዘጋል፣ ጊታሩን ያቅፋል፣ የእህቱን ሕፃን እንዳይቀሰቅስ በለሆሳስ ይዘፍናል። በሁሉም ነገር ጠንቃቃ ሆኖ ሳለ የቀዳውን ግን አንድም ቀን አያዳምጥም፤ ያፍራል። ቁም ሳጥን በሚል ስም ኢንተርኔት ላይ የምትለቅለት እህቱ ነበረች። ጭምት የሚለውን የቤት ስም ያወጣችለትም እሷው ናት።

ከጥቂቶቹ አድማጮች አንዱ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። አንድ ቀን በር አንኳኩቶ፣ "እኔ ድራም እመታለሁ፤ አንተ ደግሞ ድራም የለህም" አለው። ጋጋሪው ቤዝ ጊታር የምትጫወት ፋርማሲስት አመጣ። ከአንድ ፀጉር ቤት ጎን ክፍል ተከራዩ። ብቻውን የነበረው ሰው ሦስት ሆነ።

ድራሙ ሲመጣ ጭምት ጮክ ብሎ መዝፈን ግድ ሆነበት። እየጮኸ ከረመ፤ ድምፁ ሻከረ፣ ሰዉም ወደደለት። የድሮዎቹን ቅጂዎች ከኢንተርኔት ላይ እንድታነሳቸው እህቱን አዘዛት። "ከእንግዲህ ማንም እንዳይሰማቸው" አለ።

አሁን የከተማው ትልቁ አዳራሽ ለቅዳሜ ጠርቷቸዋል። ጭምት ከልብሶቹ መሃል ተቀምጦ ሲያልመው የኖረው ቀን ነው።

ማክሰኞ የልምምድ ቀን አልነበረም። ጭምት የጊታሩን ማንገቻ ረስቶ ኖሮ ሊወስድ ሄደ። ፀጉር ቤቱ በጠራራ ፀሐይ ተዘግቷል። ከልምምድ ክፍሉ ግን ድራም ይሰማል፤ ቀስ ያለ፣ በብሩሽ የሚመታ። ከድራሙ በላይ አንድ ወንድ በጊታር ይዘፍናል።

ዘፈኑ የጭምት ነው። የሚዘፍነው ሰው ግን አይጮህም። እያንዳንዱን ቃል የተኛ ሰው ጆሮ አጠገብ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ ፈራ ተባ እያለ ይዘፍነዋል። ጭምት እንዲህ መዝፈን ቢችል አንድ ጣቱን በሰጠ፤ ያውም ጊታር ከሚጫወትባቸው።

"ቀስ በል እንጂ" ስትል ሰማት ፋርማሲስቷን። "እየሸፈንከው እኮ ነው።"

"ምን ላድርግ፣ እጄ መደብደብ ለምዶ!" አለ ጋጋሪው። "ቅዳሜ እንዲህ ከተዘፈነ አዳራሹ ውስጥ የሚተነፍስ አይኖርም።"

"ለጭምትስ ማን ይነግረዋል?"

"እኔን አትዪኝ። ገና ሳልጨርስ ነው የሚያባርረኝ።"

"አንተ አይደለህ ያመጣኸው? አንተው ንገረው።"

ጭምት ማንገቻውን ሳይወስድ ተመለሰ።

በማግስቱ ፀጉሩን ሊስተካከል ገባ። ፀጉሩ አላደገም።

"ትናንት ዘግተህ ነበር" አለ።

"ጎረቤቶቼ ጠርተውኝ" አለ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እያንጫጫ። "ሙዚቀኞቹ ጓደኞችህ።"

"ለምን ፈለጉህ?"

"እሱን እነሱ ይንገሩህ። ፀጉር አስተካካይ ወሬ ካወጣ ደንበኛው አንገቱን አያምነውም።"

"ስለ እኔ ያወራሉ?"

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ ወንድሜ። በል አሁን አንገትህን ቀና አድርግልኝ።" ምላጩን አንስቶ ማንጎራጎር ጀመረ። የሚያንጎራጉረው የጭምትን ዘፈን ነበር፤ ዜማውን አንድም ቦታ አልሳተም።

ጭምት መስታወቱ ውስጥ አየው። መልከ መልካም ነው። እስከዛሬ እንዴት አላስተዋለም?

ማታ ለጋጋሪው ደወለ። "ነገ እንለማመድ?"

"ነገ አይመችም፣ ጓዴ። ፋርማሲስቷ ተረኛ ናት።"

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ጭምት በመድኃኒት ቤቱ በር አለፈ። ነጭ ጋዋን ለብሰው መድኃኒት የሚሸጡት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ወደ ፀጉር ቤቱ ሄደ፤ ተዘግቷል። ያ ድምፅ ከግድግዳው ማዶ ይፈሳል፤ ዛሬ ደግሞ ከማክሰኞውም ያምራል። አዲስ ዘፈን ቢሆን ይሻለው ነበር። የእሱን፣ አብልጦ የሚወደውን ነው የሚዘፍነው።

እዚያው መንገድ ላይ ቆሞ ለአዳራሹ ባለቤት ደወለ።

"ቁም ሳጥን ፈርሷል። ቅዳሜ አንመጣም።"

"ቀልድህን ነው?" አሉ ሰውየው። "ቦታውን እንካችሁ ብላቸው እየተሻሙ የሚወስዱ አሉ። አንዴ ከሰጠሁ አልመልስም፤ እናንተንም ሁለተኛ አልጠራም።"

"ይስጧቸው።"

"በኋላ እንዳይቆጭህ።"

"አይቆጨኝም" አለና ዘጋው። ከዚያ በሩን ገፍቶ ገባ።

ጋጋሪው ብሩሾቹን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ፋርማሲስቷ የቤዙን ክሮች በመዳፏ አፈነች። ፀጉር አስተካካዩ ጥግ ላይ በተደፋ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሁለት ጉንጩ በጋጋሪው ትኩስ ዳቦ ተወጥሯል።

ዘፈኑ አላቆመም።

"ጭምት፣ ልንነግርህ ነበር" አለ ጋጋሪው። "ይቆጣል ብለን ነው፤ እሱንም ሰምቶ እንዲፈርደን ነው የጠራነው።"

ጭምት ግድግዳው ሥር ያለውን ትልቁን ድምፅ ማጉያ እያየ ነበር። ድምፁ የመጨረሻውን ቃል አስረዘመ፣ ጊታሩ ዝም አለ፣ አንድ በር ሲጥጥ አለ።

"ጭምቴ!" አለች እህቱ ከድምፅ ማጉያው ውስጥ። "ካፖርቴን አጨማደድከው እኮ፤ በል ውጣ፣ ምሳው ቀዘቀዘ!"