ዝናብ ያባራበት ፒያሳ

ሀሴት ጆይስቲኩን ለያዕቆብ አቀብላው እጇን አጣመረች። ሁለቱ ደሴ ሆጤ ሰፈር ባለችው ክፍላቸው የሚሠሩት ጌም ውስጥ፣ ዝናብ አባርቶ ሊመሽ ሲል የደሴ ፒያሳ ይታያል። የሱቆቹ መብራት አስፋልቱ ላይ ባቆረው ውሃ ውስጥ እንዲያንጸባርቅ ኮምፒውተሩ ብርሃኑ የሚሄድበትን መንገድ ጨረር በጨረር ማስላት ነበረበት። አሮጌው ማሽናቸው ግን ይህን ሲሞክር ምስሉ እየተንቀረፈፈ ያስቸግር ነበር።

«ተይው በቃ፣ ውሃውን እናጥፋው» ብሏት ነበር ያዕቆብ ጠዋት። እሷ ግን እምቢ ብላ፣ ማሽኑ እንዳይከብደው ምስሉ መጀመሪያ በትንሽ መጠን እንዲሠራ፣ ከዚያ ጎልቶና ጠርቶ ስክሪኑን እንዲሞላ አደረገችው።

ያዕቆብ ጨዋታውን ጀመረ። በጌሙ ውስጥ ያለው ልጅ ቁልቁለቱን አንዴም ሳይንገጫገጭ ወረደ። የአንዱ ሱቅ ቢጫ መብራት ውሃው ላይ ተዘረጋ፤ ከሱቁ በላይ ያለው ጦሳ ተራራም ተገልብጦ ገባበት። ሀሴት የያዕቆብን ፊት ማየት ፈርታ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። እስከዛሬ ያዕቆብ ጌሙን ሲሞክር ልጁን በውሃው መሃል ነበር የሚያስሮጠው። አሁን ግን ውሃው ጫፍ ሲደርስ አቆመው፤ ከዚያ ቀስ አድርጎ በዳር በኩል አዙሮ አሳለፈው።

«ለምን ዞርክ?» አለችው።

«ጫማዬ ይረጥባላ» አለ ያዕቆብ። ምን እንዳለ ለራሱም የገባው ከተናገረው በኋላ ነው። ሀሴት ከወንበሯ ተነስታ እንዳሸነፈ ሰው ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች።