አስተርጓሚው ያልነገራት

በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ገና በልጅነቱ ጆሮው ውስጥ አስተርጓሚ ይገባለት ነበር። ማንም በምንም ቋንቋ ቢናገር፣ ሰሚው ጋ የሚደርሰው በለሰለሰና በተቃና ድምፅ ነው።

ዪሩ የቻንግሻ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። እንግሊዝኛን በገዛ ጆሮዋ ለመስማት ቆርጣ፣ ከቤት ጋር በስልክ ስታወራ ካልሆነ በቀር አስተርጓሚዋን አጠፋችው። መጀመሪያ የመምህሯ ንግግር ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ተንጣጣባት። አንዱን ዓረፍተ ነገር ደጋግማ እየሰማች ግን ቀስ በቀስ ቃላቱን መለየት ጀመረች።

ለእረፍት ቤቷ ስትመለስ አባቷ በር ላይ ተቀብሎ አንድ ነገር አላት። ድምፁ ሻካራ ነበር፤ በየመሀሉም ያስለዋል። ከልጅነቷ ጀምሮ አስተርጓሚው እያቃና ስላሰማት የመንደራቸውን ዘዬ አልተረዳችውም። ግራ መጋባቷን አይቶ አስተርጓሚውን እንድታበራው ወደ ጆሮዋ ጠቆመ።

"አላበራውም፣ አባዬ። ቀስ ብለህ ድገምልኝ።"

ደገመላት። በሦስተኛው ገባት።

"ርቦሻል ወይ፣ ልጄ?"

"በጣም" አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ይሄ ሳል ከመቼ ጀምሮ ነው?"

አባቷ ቃል በቃል እየለየ መለሰላት። "ዓመት አለፈው። በስልክ ስናወራ የምትሰሚው መስሎኝ ነበር።"

ዪሩ ሻንጣዋን ጥላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።