ወተት የከለከለችው የቆቦዋ ባለ ወተት ቤት

«አልሸጥልህም!»

ካሊድ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

«እትዬ ኡሙሃኒ፣ ቶሎ በይ እንጂ... ጉሮሮዬ ደርቋል።»

«ወላሂ አልሸጥልህም! ከዛሬ ጀምሮ እኔ ቤት ወተት አትጠጣም!»

ወተት ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ አየው...

በሉ እንግዲህ፣ ሰውየውን ላስተዋውቃችሁ።

ካሊድ ቆቦ ውስጥ ኮንክሪት ቆራጭ ነው። ግድግዳ ላይ በር ይከፈት፣ ወለሉ ይሰንጠቅና ቱቦ ይለፍ ሲባል የሚጠራው እሱ ነው። በቤንዚን የምትሠራ መቁረጫ ማሽን አለችው፤ ያገለገለች ናት፣ ከነጋዴ ነው የገዛት።

ማሽኗን ሲያስነሳ አካባቢው ሁሉ ነጭ ጉም ይሆናል። መንገደኛው አፍንጫውን ይዞ ይሮጣል። እሱ ግን ፎጣውን አፉ ላይ ጠምጥሞ ይቆርጣል...

ሥራ ሲያልቅ በቀጥታ ኡሙሃኒ ጋ። አንድ ትልቅ ብርጭቆ የግመል ወተት... ግጥም!

«ወተት አቧራውን ጠራርጎ ያወርደዋል» ይባላላ!

ካሊድ ያምናል። የሥራ ጓደኛው አላምረውም ያምናል። እውነት እንነጋገር ካላችሁ... ግማሻችሁም ታምናላችሁ።

ያን ቀን እርር ድብን ብሎ ወጣ።

«ምን አርገሃት ነው?» አለው አላምረው።

«እኔ ምን አውቄ! ትናንት እኮ ‹ካሊዶ፣ ልጨምርልህ› ስትለኝ ነበር!»

«ሰው ነገር ሠርቶባችሁ ይሆናል።»

ካሊድ ቤቱ ገባ፤ መቀመጥ አቃተው። ተነሳ... ተቀመጠ... በር ድረስ ሄዶ ተመለሰ።

ከዚያ ሰሞኑን የያዘችው ሳል መጣች። ሚስቱ ሀናን እንዳትሰማው ጓሮ ወጥቶ ሳለ።

ሀናን ነፍሰ ጡር ናት። ግን ትንሽ ሲራመዱ የሚያለከልከው እሱ ነው። ይህን ለማንም አልተናገረም። «ወተቱ ያድነኛል» ብሎ ነበር... አሁን እሱም ተከለከለ!

በነጋታው ከአላምረው ጋር ሥራ ገባ። ሥራው ደግሞ የት ቢሆን ጥሩ ነው? ከኡሙሃኒ ወተት ቤት ፊት ለፊት! እዚያ ሥራ ከያዘ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው።

እልህ ይዞታል። ማሽኗን አስነሳ... ነፋሱ አቧራውን አንስቶ ወደ ወተት ቤቱ ወሰደው።

«ጎሽ! የታባቷ!» አለ በልቡ።

ኡሙሃኒ እጇን እያርገበገበች መንገዱን ተሻግራ መጣች።

«አጥፋት! አጥፋት እባክህ!»

አጠፋት። «ምነው? ወተትሽ ውስጥ አቧራ ገባ?»

ኡሙሃኒ ጎንበስ ብላ የማሽኗን ጎን ነካች። እዚያ ጋ አንዲት ቀጭን ቱቦ አለች፤ በአረንጓዴ ጨርቅ ከእጀታው ጋር ታስራ ተቀምጣለች። ካሊድ ሲገዛትም እንደዚያው ነበረች። የማትረባ ትርፍ ነገር መስላው ትቷታል።

«ይቺን ጨርቅ ማን እንዳሰራት ታውቃለህ?»

«እኔ እንጃ። ስገዛትም ነበረች።»

«እኔ ነኝ ያሰርኳት... ሻሼ ናት።»

ካሊድ ክው አለ።

«ማሽኗ የባለቤቴ የይመር ነበረች» አለች ኡሙሃኒ። «ቱቦዋ የውሃ ናት። ሲቆርጡ ዲስኩ ላይ ውሃ ታፈሳለች፤ አቧራው ሳይነሳ ጭቃ ሆኖ ይቀራል። ይመር ውሃ ስጪኝ ሲለኝ ‹ሰው የሚጠጣው አጥቶ አንተ ድንጋይ ታጠጣለህ?› ብዬ ተቆጣሁት። በዚህ በኛ ቆላ ውሃ እንዴት እንደሚገኝ ታውቃለህ... ቱቦዋ ተንጠልጥላ ስታስቸግረው በሻሼ አሰርኩለት። በውሃው ፈንታ ወተት እሰጠው ነበር። በየቀኑ!»

«እና...?»

«እናማ ወተቱ ሆዱ ገባ፤ አቧራው ሳንባው ውስጥ ቀረ። ሐኪሙ ነው የነገረኝ። አንዴ እዚያ ከተቀመጠ በወተትም በማርም አይወጣም። ይመር ትራስ ተደግፎ፣ አየር አየር እያለ ሞተ... አላህ ይዘንለት።»

አላምረው ቀስ ብሎ ፎጣውን ከአፉ አወረደ።

«ማሽኗን ዓይኔ እንዳያያት ለነጋዴ ሸጥኳት። ምን እንዳደረገችን ግን ትንፍሽ አላልኩም። ትናንት በሬ ላይ ቆሜ ሻሼን አንተ እጅ ላይ አየኋት... ያ ረቢ! ከዚያ በኋላ ያን ብርጭቆ እንዴት ልቅዳልህ?»

«እያወቅሽ ሸጥሻት?»

«እያወቅኩ።»

ካሊድ ሊጮህባት አፉን ከፈተ... የወጣው ግን ሳል ነው። ሳለ፣ ሳለ፣ መሬት ቁጭ አለ። ኡሙሃኒ አለቀሰች።

አላምረው ጨርቁን ሊቆርጠው ቢላ አወጣ።

«ተው! ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ እኔው ልፍታው» አለችው።

ቋጠሮው ሲሚንቶ ጠጥቶ ደርቋል። በጥርሷ ነው የፈታችው።

በማግስቱ ጠዋት የወተት ጀሪካኗን ተሸክማ ሥራው ቦታ መጣች። ካሊድ ታረቅን ብሎ ብርጭቆ ሊፈልግ ተነሳ። ክዳኑን ሲከፍተው... ወተት አይደለም።

ውሃ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ በየጠዋቱ ታመጣለች፤ ካሊድ በቱቦዋ እያፈሰሰ ይቆርጣል። «ሰው በሚጠማበት አገር ውሃ ታባክናለች» ብለው ያሟታል። ይሟት!

ካሊድና አላምረው ፎጣውን ጥለው ማጣሪያ ያለው ማስክ ገዝተዋል። አቧራ የጠጣ ልብሳቸውንም ቤት ወስደው ማራገፍ ትተዋል። ካሊድ ለሀናን ሁሉንም ነገራት፤ ይዛው ሄዳ ደረቱን ራጅ አስነሳችው። ውጤቱ ገና አልመጣም... ይኸው ስልኩ በጠራ ቁጥር ይደነግጣል።

ትምህርቱ ይሄው ነው፦ አቧራ ከገባ በኋላ የሚያጥበው መጠጥ የለም። ሳይገባ ነው የሚያዘው! (ማሽናችሁ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ግን ዝም ብላችሁ ውሃ እንዳታፈሱበት፤ አቧራ የሚስብ ዕቃ ይገጠምለታል።) ደግሞም የምናውቀውን አደጋ ለሰው ሳንነግር እጃችንን መታጠብ የለም።

ብሎኬት፣ ኮንክሪት፣ ሴራሚክ በደረቁ የሚቆርጥ ወንድም ያላችሁ... አሁኑኑ ደውሉለት።

እስቲ ንገሩኝ... ካሊድን ብትሆኑ ኡሙሃኒን ይቅር ትሏት ነበር? ወይስ ውሃውን ተቀብላችሁ ፊት ትነሷት ነበር?