ወደ ዲ የተዛወረው

ኮምፒውተር የሚጠግነው ጎረቤቷ ባለፈው ሳምንት መጥቶ ሃርድ ዲስኩን ሲ እና ዲ ብሎ ለሁለት ከፈለላት። «ሲን ቫይረስ ጨርሶታል፤ ቅዳሜ ሙልጭ አድርጌ አጠፋዋለሁ። ዲን ግን አልነካውም። የሚፈልጉትን ሁሉ ወደ ዲ ያዛውሩ» ብሏት ሄደ።

የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የኪሩቤል ፎቶዎችና የድምፁ ቅጂዎች። ልጇ በሕይወት እያለ፣ ፍለጋ እንዳትንከራተት ብሎ ፎልደሩን ስክሪኑ ላይ ፊት ለፊት አድርጎላት ነበር። ማውሱን በሁለት እጇ ይዛ እየጎተተች ዲ ውስጥ ከተተችው።

ቅዳሜ ጠጋኙ ገና ከበሩ «አዛወሩ?» አላት።

«ራሴ አዛወርኩት! ማንንም አላስቸገርኩም» አለች ኮራ ብላ።

ሲን ፎርማት አደረገው። በላዩ ላይ አዲስ ዊንዶውስ ጫነበት። ሲጨርስ ዲን ከፈተ። «ኪሩቤል» የሚል አንድ ምልክት ብቻውን ተቀምጧል፤ ጥጉ ላይ ትንሽ ቀስት አለችበት። ቀስት ያለበት አቋራጭ ነው፤ ፋይሎቹ ሲ ውስጥ የት እንዳሉ ይጠቁማል እንጂ በውስጡ ምንም የለም።

«አለ አይደል?» አለች ከኋላው ቆማ።

ዲን መልሶ ዘጋው።

«አለ፣ እማማ።»

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። አሁን እንዳትከፍተው። ነገ ሙት ዓመቱ ነው፤ ዘመድ ሁሉ ሲሰበሰብ ድምፁን አሰማቸዋለሁ።»