የተጠመቀችው ንግሥት ልመና

ሐምራዊት ዙፋኑ ፊት ቆማለች። የምትጫወተው የዛሬ መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ በደቡባዊ አፍሪካ ክርስትና የተነሣችን ንግሥት ነው። ንጉሡ ባሏ «ወይ ጥምቀትሽን ካጂ፣ ወይ ልጆችሽን ትተሽ ውጪ» ብሏታል። አሁን ተንበርክካ መለመን አለባት። ከአምስተርዳም ተነሥታ፣ ሐበሾቹ ትዕይንቱን ወደሚያሳዩባት ራይስዋይክ ወደምትባል የሆላንድ ከተማ የመጣችው የቲያትር አዘጋጅም ሐምራዊትን የምትቀጥራት ይህን ትዕይንት ከወደደችው ብቻ ነው።

ጉልበቷን ማጠፍ ስትጀምር ከፊት ወንበር የእናቷ ድምፅ መጣ። «ኧረ አንቺ ልጅ! በዓለ ሃምሳ ነው እኮ፣ አይሰገድም!»

«እትዬ ብዙወርቅ፣ ቲያትር ነው» አሏት ከኋላዋ የተቀመጡት።

«ታዲያ ንግሥቲቱ ክርስቲያን አይደለችም?»

አዳራሹ ሳቀ። ሐምራዊት ግን አልሳቀችም። መንበርከኩን ትታ ቀስ ብላ ቀና አለች።

ንጉሡን የሚጫወተው ኖህ ቀጥሎ የሚለው «ተነሺ» ነበር፤ ላልተንበረከከች ንግሥት የሚላትን ግን አላጠናም። ሴት ቆማ እሱ መቀመጡም ነውር ሆነበትና ከዙፋኑ ብድግ አለ። «ተቀመጪ» አላት፣ አፉ እንዳመጣለት።

ተቀመጠች። ያጠናችውን ልመና አንድ ቃል ሳትለውጥ፣ ከዙፋኑ ላይ ሆና በሆላንዶቹ ቋንቋ በደችኛ ተናገረችው። «ከልጆቼ አትለየኝ፣ ጌታዬ።»

አሁን የሚስቅ አልነበረም። በድርሰቱ ሊያባርራት የሚገባው ንጉሥ አንገቱን ደፍቶ «እሺ» አለ፤ ቀድማ ያጨበጨበችውም አዘጋጇ ናት።