ደረቅ ክብደት

ሥራዬ ቀላል ነው። የእንጨት ዱቄት ኢንዛይም ባለበት ውሃ ውስጥ እዘፈዝፋለሁ፤ ኢንዛይሙ እንጨቱን እየበላ ወደ ስኳር ይለውጠዋል። በየጧቱ አንድ ጠርሙስ ከፍቼ የተረፈውን አደርቅና ደረቅ ክብደቱን እመዘግባለሁ። ባሕር ዛፉም ግራሩም እንደ ደንቡ ቀነሱ። አምባ ጊዮርጊስ ከፈረሰ ቤት የመጣው የወይራ ምሰሶ ግን በየጠርሙሱ አሥር አሥር ግራም ገብቶ ሰኞ አሥራ አንድ፣ ማክሰኞ አሥራ ሁለት፣ ዛሬ አሥራ አራት ሆነ። ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አስፈተሽሁ፤ ደኅና ነው።

«ስምንት ብለሽ ጻፊው» አሉኝ ኃላፊዬ ዶክተር ስማቸው። «ሪፖርቱ ዛሬ ይሄዳል።»

«ያልመዘንሁትን አልጽፍም።»

«ምነው እንዲህ ደረቅ ሆንሽ?»

«ደረቁስ እንጨቱ ነው።»

«ከሥራሽ ትባረሪያለሽ!»

«ልባረር።»

መዝገቡን ነጥቀውኝ ራሳቸው ሊጽፉ ተቀመጡ። ጧት አሥራ አራትን የጻፍሁበት እርሳስ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ሊያነሡት ሞከሩ፤ አልነሣ አለ። በሁለት እጃቸው ሲስቡት ጠረጴዛው አብሮ ተንቀሳቀሰ።

«ይጻፉ እንጂ፣ ዶክተር» አልኋቸው።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እርሳሱ ጣውላው ውስጥ ሥር ሰድዷል።